አረርና ጥይት

አሜሪካ፣ ኮሎራዶ ግዛት ዴንቨር ከገባሁ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነው። የሥራ ባልደረባዬ በየዓመቱ ኤልክ የሚሉትን ግዙፍ አጋዘን ያድንና ፍሪዘሩን ሥጋ ይሞላል። ቀናሁ መሰለኝ፣ አምና እኔም ጠመንጃ ልግዛ ብዬ ተነሳሁ። ጠመንጃው ቀላል ነበር። ሦስት ቀን ጠብቆ መውሰድ ነው። ጥይቱ ግን አንድ ወር ፈጀብኝ።

ሱቁ ውስጥ ግድግዳው ሙሉ ጥይት ነው። ሁሉም የሚምልባት አለችው። ሽማግሌዎቹ «ሠርቲ ኦት ሲክስ» ይላሉ። 30 የአረሩ፣ ማለትም ከአፈሙዝ የሚወጣው ጫፍ፣ ውፍረት በኢንች መቶኛ ገደማ ነው፣ 06 ደግሞ የአሜሪካ ጦር የተቀበላት ዘመን፣ በፈረንጆቹ 1906። ወጣቶቹ በ2007 የወጣችውን 6.5 ክሪድሞር ያወድሳሉ፤ ትከሻ አትመታም፣ ለሩቅ ዒላማም ጎበዝ ናት። መሐል ላይ የ1952ቷ 308 አለች። ቀለሃዋ፣ ባሩዱን የሚይዘው ቀፎ፣ ከሠርቲ ኦት ሲክስ በ12 ሚሊ ሜትር ያጥራል። ሕጉም ጣልቃ ይገባል። ኮሎራዶ ውስጥ ለኤልክ የሚተኮስ አረር ከ85 ግሬን፣ ማለትም ከ5 ግራም ተኩል ገደማ፣ ማነስ የለበትም። ሲመታ የሚከፈት ዓይነትም መሆን አለበት። ያለዚያ እንስሳው ቆስሎ ሄዶ ጫካ ውስጥ ሲማቅቅ ይሞታል።

በመጨረሻ ወደ ሽማግሌዎቹ አደላሁ። ባለሱቁን «ቡሌት» ስጠኝ አልኩት፤ አንድ ሳጥን ሰጠኝ። ቤት ገብቼ ብከፍተው መዳብ የለበሰ አረር ብቻ! ባሩድ የለ፣ ቀለሃ የለ። ለካ ጥይት በቤቱ የሚሠራ ሰው የሚገዛው ነው። ሙሉዋን ከፈለግክ «ካርትሪጅ» ማለት ነበረብህ አሉኝ።

ለጥር ሐረር ስሄድ ይህን ለአጎቴ አጫወትኩት። ጋሼ በጃንሆይ ጊዜ የሦስተኛ ክፍለ ጦር ወታደር ነበር። ሳቀብኝ።

«አቦ! አረርና ጥይት አንድ ነው ያለህ ማነው? አማርኛህንም እዚያው ረሳኸው?»

እውነቱን ነው። እኛ ያኔ ፋብሪካው ባይኖረንም ስሙ ነበረን። የእንግሊዞቹን ስናይደር ጠመንጃ ሰናድር፣ የፈረንሳዮቹን ፉዚል ግራ ውጅግራ ያለ ሕዝብ ነው። ያ ሁሉ መሣሪያ ከባሕሩ ሲመጣ ከፊሉ በዚህችው በሐረር በኩል ነው ያለፈው፤ ፈረንሳዊው ገጣሚ ራምቦ እንኳ እዚህ ነጋዴ ነበር፣ ጠመንጃም ነግዷል። በዚያ ዘመን የውጅግራ ጥይት በአንዳንድ ገበያ እንደ ዝርዝር ገንዘብ ያገለግል ነበር። ታዲያ ገንዘቡን በከንቱ የሚተኩስ ማን ነው? የጥይት ምርጫ የሚባል ነገርም አልነበረም። ለያዝከው ጠመንጃ የምትሆነው ከተገኘች ተመስገን ነው።

የመረጥኳትን በስልኬ ፎቶ አሳየሁት። መነጽሩን አውልቆ ስልኩን ወደ ዓይኑ አስጠጋ።

«ይቺማ የኤም ዋን ጥይት ናት!»

አንድ ወር የለፋሁባትን በአንድ እይታ። ኤም ዋን ጋሼ በወታደርነቱ የሚያውቀው የአሜሪካ ጠመንጃ ነው፤ ስምንት ስምንት ጥይት እያጎረሱ ነበር የሚተኩሱት። ስምንተኛዋ ስትወጣ ባዶው ማቀፊያ ዘሎ «ቲንግ!» ይላል። ጋሼ በአፉ ሦስት ጊዜ ደገመልኝ። ከዚያ ዝም አለ፤ በሐሳቡ ትንሽ ራቅ ብሎ የሄደ መሰለኝ።

«ለመሆኑ ስንት ተኮስክ?»

«ልምምድ ላይ መቶ ያህል። አደን ላይ ሁለት።»

«እና?»

«ሁለቱንም ሳትኩ። ጥይቷ ትከሻ ትመታለች ጋሼ፣ በክሪድሞር ልቀይራት ነው።»

መልስ አልሰጠኝም። ሲመሽ ከጀጎል ውጪ ጅብ ወደሚመገብበት ወሰደኝ። ኮሎራዶ ቢሆን ለዚህ አውሬ የትኛዋ ጥይት ትበቃለች ብለን አንድ ሳምንት በተከራከርን። እዚህ አንዲት አጭር እንጨት፣ ጫፏ ላይ ቁራጭ ሥጋ። እንጨቷን ያዝኩ። ጅቡ ተጠጋ፤ ትንፋሹ እጄ ላይ ደረሰ። ሥጋው ወደቀ።

«እጅህ ነው እንዲህ የሚንቀጠቀጠው» አለ ጋሼ ከኋላዬ፣ «ጥይቷን ምን አድርጊ ትላታለህ?»