የበረዶ ሰው በቀሃ

ልጆቻችን የሚማሩት ቤት ነው። የተለየ ፍልስፍና ኖሮን አይደለም። የትምህርት ቤቱ ክፍያ የቤት ኪራያችንን በበለጠበት ዓመት ባለቤቴ እስክሪብቶ አንስታ ደመረች፣ ቀነሰች፤ ከዚያ «ትምህርት ቤቱን ራሱን እዚህ ብናስገባው ይረክሳል» አለች። እሷ ርዕሰ መምህር፣ እኔ የሁሉም ትምህርት መምህር፣ ዘበኛና ደወል ሆንን። ጎረቤታችን እማሆይ ግን እስከ ዛሬ ባገኙኝ ቁጥር «ልጆቹን አሟቸው ነው?» ይሉኛል። እሳቸው ራሳቸው ፊደል የቆጠሩት ዛፍ ሥር፣ የኔታ እግር ሥር ቁጭ ብለው ነው። ይህን ማን ደፍሮ ያስታውሳቸዋል?

የቤት ትምህርት አንድ ጉድ አለው፤ አይዘጋም። ሰኔ መጨረሻ ላይ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ካርዱን እያውለበለበ ሲመጣ የኔዎቹ በር ላይ ቆመው «እኛስ መቼ ነው የሚዘጋልን?» አሉ። ርዕሰ መምህሯ «በክረምት ሽርሽር እንሄዳለን» ብላ ገላገለችኝ። ምናለ «ክረምት» የሚለውን ቃል ባትጠራው ኖሮ!

የንባብ መጽሐፋችን አንድ ዘመድ ከውጭ በሻንጣ ያመጣልን ነው። እዚያ ውስጥ «ዊንተር» ሲመጣ ልጆች ኮፍያ አጥልቀው የበረዶ ሰው ይሠራሉ፤ አፍንጫው ካሮት ነው። «አባዬ፣ ዊንተር ምንድን ነው?» ስባል «ክረምት» ብዬ ያስተማርኩት እኔው ነኝ፤ መዝገበ ቃላቱም ከጎኔ ነው። የእነሱ ዊንተር የሚውለው በእኛ ታኅሣሥና ጥር፣ የጎንደር ሰማይ ኩልል ብሎ በሚጠራበት በጋ መሆኑን ላስረዳ ስነሳ ጊዜው አልፏል። ነሐሴ ላይ የጉዞው ቀን ሲደርስ የአምስት ዓመቱ ልጄ ካሮት በኪሱ ይዞ በር ላይ ጠበቀኝ።

ከአዘዞ ወደ ፒያሳ በሚኒባስ ተሳፈርን። ረዳቱ ሒሳብ እየሰበሰበ ልጁን ጨዋታ ጀመረው።

«ጎበዝ፣ ስንተኛ ክፍል ነህ?»

«ሳሎን።»

ፋሲል ግቢ ውስጥ ብዙ አልቆየንም። «አፄ ፋሲል ጎንደርን የቆረቆሩት በ1628 ዓ.ም. ነው» ብዬ ድምፄን ሳስተካክል ትልቋ «መጽሐፌ 1636 ነው የሚለው» አለች። እሱ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው አልኳት። «ታዲያ ፈረንጆቹ ከተማችንን ያዩዋት ከ8 ዓመት በኋላ ነው?» የታሪክ ክፍለ ጊዜው እዚያው ላይ አበቃ። ባጃጅ ይዘን ወደ ቀሃ፣ ወደ ጥምቀተ ባሕሩ ወረድን።

ገንዳው ባዶ ነው። ወለሉ ላይ ጥቂት የዝናብ ውሃ አቁሯል፣ እንቁራሪት ይጮሃል። ለጥምቀት፣ ለጥር 11፣ ከቀሃ ወንዝ በቦይ ውሃ እየተለቀቀ እንደሚሞላ አስረዳሁ።

«ዝናብ በሌለበት ወር ይሞሉታል፣ ዝናብ በሚጥልበት ወር ባዶ ይተዉታል?» አለች ትልቋ።

ለዚህ አልተዘጋጀሁም። ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው የተከናነቡ አዛውንት ጥበቃ አጠገባችን ነበሩና «የኔ ልጅ፣ በክረምት ማን ሊጠመቅ ይመጣል? ሰማዩ እቤትሽ ድረስ መጥቶ ያጠምቅሽ የለ» አሏት። ልጅቱ በሙሉ ልብ ተቀበለች። የእኔን ማብራሪያ እንዲህ ተቀብላው አታውቅም።

ቀጥላ የዛፎቹን ሥሮች አየች። የግቢውን አጥር ድንጋይ እንደ ጣት ጨብጠው ይዘውታል። «ዛፉ ግንቡን እያፈረሰው ነው ወይስ ደግፎ ይዞት?» ስትል እኔን ሳይሆን አዛውንቱን ነው ያየችው፤ የመምህርነት ሥራዬን በይፋ ያጣሁት እዚህ ላይ ነው።

«ሁለቱንም» አሉ። «እንደ ባልና ሚስት።»

ባለቤቴ ሳቀች። ከሚገባው በላይ ረጅም ሳቅ።

ወዲያው ሰማዩ ጠቆረ፣ ነጎድጓዱ ተንደረደረ፣ የሽንብራ ፍሬ የሚያህል በረዶ ድንጋዩ ላይ ይንጣጣ ጀመር። በሩ ሥር ተጠለልን። ጃንጥላችን ተገልብጦ ሳህን መሰለ።

«በረዶ!» አለ ትንሹ። በሕይወቴ እንዲህ ያለ የድል ድምፅ ሰምቼ አላውቅም። «ይመታሃል፣ ተመለስ!» እያልኩ ስሮጥ የተመታሁት እኔ ነኝ። ልጆቹ ዳቦ ባመጣንበት ፌስታል በረዶውን አፍሰው፣ ጨምቀው፣ ጠፍጥፈው የቡና ስኒ የምታክል ጉብታ ሠሩ። ከዚያ ካሮቱ ወጣ። አፍንጫው ከሰውየው ይበልጥ ነበር፤ ሰውየው በግንባሩ ተደፋ።

አዛውንቱ ጎንበስ ብለው አዩት። «ይኼ ደግሞ ማነው?»

«የክረምት ሰው» አሉ ሁለቱም።

ማታ ትልቋ ደብተሯ ላይ «ክረምት በረዶ የሚጥልበት ወቅት ነው» ብላ ጽፋ አመጣችልኝ። ቀይ እስክሪብቶውን ይዤ ብዙ ቆየሁ። ከማድ ቤት ርዕሰ መምህሯ «እርማቱን ጨርስና ና፣ ራት ቀርቧል» አለችኝ። ካሮቱ አልጫው ውስጥ ነበር።