ሳይጠሩት አቤት ባይ ይባረክ

ዛሬ ምስጋና ልጽፍ ነው። የማመሰግነው ያልተጠየቀውን የሚመልስ ወገኔን ነው። ታውቁታላችሁ፤ እናንተም ግሩፕ ውስጥ አለ። የዕድር ግሩፕ፣ የቤተ ዘመድ ግሩፕ፣ የድሮ ክፍል ጓደኞች ግሩፕ፣ የመሥሪያ ቤት ግሩፕ፤ እሱ የሌለበት ግሩፕ ገና አልተከፈተም። "አላውቅም" የሚባል ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። ዝም ብሎ ማለፍንማ እንደ ነውር ነው የሚቆጥረው። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት።

ሰሞኑን ምስጋናዬን ያስገደደኝ የኮንዶሚኒየማችን የቴሌግራም ግሩፕ ነው። አንድ ጎረቤታችን የኤሌክትሪክ መኪና ገዛ። ገዝቶም በትሕትና እንዲህ ሲል ጻፈ፦ "ጤና ይስጥልኝ ጎረቤቶቼ። ማታ ማታ መኪናዬን ቻርጅ ለማድረግ ከራሴ ቆጣሪ እስከ መኪና ማቆሚያው መስመር ማዘርጋት ፈልጌ ነበር። ጥሩ ኤሌክትሪሺያን የምታውቁ ስልኩን ብትልኩልኝ።" በቃ፣ ይኸው ነው። ሰውየው የፈለገው አንድ ስልክ ቁጥር ነው።

የመጀመሪያው መልስ ወዲያው ደረሰ። "ወንድሜ፣ እነዚህ መኪኖች ክረምት ሲገባ ይፈነዳሉ።"

ይህን ሰው ሳናመሰግን አንለፍ። የብዙዎቹ መኪኖች ባትሪ አንድ ሜትር ጥልቀት ባለው ውሃ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ቢቆይ እንኳ ውሃ እንዳያስገባ ታሽጎ እንደሚሠራ ማንበብ ይችል ነበር። ግን ማንበብ ጊዜ ይፈጃል። ጎረቤት ደግሞ አደጋ ላይ ነው። ስለዚህ ሳያነብ ደረሰለት። ማስረጃ ሲጠየቅም አላፈገፈገም፤ የሚነድ መኪና ቪዲዮ አመጣ። ልብ ብሎ ላየው ሰው ከሚነደው መኪና ኋላ የጭስ ማውጫ ቱቦ ይታያል። የኤሌክትሪክ መኪና የጭስ ማውጫ የለውም። ይህን የጠቆመ አንድ ልጅ ምን ቢባል ጥሩ ነው? "ስንት ከፈሉህ?"

ለነገሩ ሁላችንም የባትሪ ሊቅ ከሆንን ቆይተናል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና አገር ውስጥ እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ ትምህርቱ በነፃ ነው የሚሰጠው። ትናንት የሪሞት ባትሪ ሲደክምበት በጥርሱ ይነክስ የነበረ ሰው ዛሬ ስለ ሊትየም ያስተምራል። እግዜር ይስጠው።

ሁለተኛው ተመስጋኝ ከቨርጂኒያ የሚጽፍልን ጎረቤታችን ነው። ቤቱን አከራይቶ ከሄደ ዘመን ሆኖታል። መኪና ማቆሚያችን አስፋልት ይሁን ኮብልስቶን የሚያውቅ አይመስለኝም። "እዚህ አሜሪካ ሰው እየመለሰው ነው" አለን። ለማን እንደሚመልሰው አልነገረንም። ግን አስቡት፤ እኛ ጠዋት ቡና ስንጠጣ እሱ ጋ እኩለ ሌሊት ነው። እንቅልፉን ሰውቶ ነው የሚከራከርልን። የጋራ መብራት መዋጮ ሲጠየቅ ብቻ ነው የሰዓት ልዩነቱ የሚያስቸግረው።

ቮይስ የሚልኩትንም አልረሳሁም። ከሁሉም በላይ አንዱን። መልእክቱ ሰባት ደቂቃ ነው። ሁለቱ ደቂቃ "ሄሎ፣ ሄሎ፣ ይሰማል?" ነው። ቀጥሎ የሁላችንም ጤንነት ይጠየቃል። በመሀል ረዳቱ "መገናኛ! መገናኛ!" ይላል። መጨረሻ ላይ ፍሬ ነገሩ ይመጣል፦ "ቶዮታ ቶዮታ ነው።"

አሁን ወደምወደው ሰው ልምጣ። ስለ እሱ ትንሽ ብረዝም አትቀየሙኝ።

ነገሩን የጀመረው አንድ እውነት ነው። አንድ ጎረቤት የኤሌክትሪክ መኪና ቁልቁለት ሲወርድ ሞተሩ እንደ ጄኔሬተር እየሠራ ትንሽ ትንሽ ኃይል ወደ ባትሪው ይመልሳል ብሎ ጻፈ። ልክ ነው፤ ከእንጦጦ የወረደ ሁሉ ፐርሰንቱ ሲጨምር ያያል። ይኼኔ ሊቃችን ከተኛበት ተነሣ። "ቆይ፣ ታዲያ ቻርጀር ምን ያደርጋል? ጎሃ ጽዮን ሄዶ ወደ ዓባይ በረሃ መውረድ ነዋ!"

ቀልድ መስሎን ሳቅን። ቀልድ አልነበረም። ሒሳብ ሠርቶ፣ በወረቀት ጽፎ፣ ፎቶ አንሥቶ ላከልን። ከጎሃ ጽዮን እስከ ድልድዩ ቁልቁለቱ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው። በየመቶ ሜትሩ ይህን ያህል ፐርሰንት ቢጨምር ድልድዩ ጋ ሲደርስ ባትሪው ሞልቶ ይተርፋል። የተረፈውስ? "ለደጀን ከተማ መሸጥ ይቻላል።"

አንዷ ፈራ ተባ እያለች "ጎሃ ጽዮን ድረስስ በምን እንሄዳለን?" ብላ ጠየቀች። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ መንገዱ ወደ 200 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ሊቁ ለጥቂት ጊዜ "እየጻፈ ነው" የሚለውን ምልክት አሳየን። ከዚያ፦ "በጭነት መኪና ይጫናል።"

"ከድልድዩስ እንዴት እንወጣለን?"

"በደጀን በኩል ውጡ።"

"እሱም እኮ ዳገት ነው!"

"የእናንተ ችግር ሁልጊዜ ዳገቱን ብቻ ማየት ነው።"

በዚህ ጊዜ ግሩፑ ለሁለት ተከፈለ። በጎሃ ጽዮን በኩል እንመለስ የሚሉና በደጀን በኩል እንውጣ የሚሉ። የጋራ መኪና ማቆሚያ ላይ መስመር ስለ መዘርጋት እንደሆነ የጀመርነው ያስታወሰ አልነበረም። አንድ አስታራቂ ሰው መሀል ገብቶ ሐሳብ አመጣ። ሁለት መኪና በረጅም ገመድ ይታሰር፤ አንዱ ሲወርድ ሌላውን ሽቅብ ይጎትታል። ሐሳቡ ብዙ ልብ አገኘ። ቀጥሎ ገመዱን ማን ይግዛ የሚለው ተነሣ። ኮሚቴው ወይስ ባለ መኪናው? ገንዘብ ያዧ "ደረሰኝ የሌለው ገመድ አላወራርድም" ብለው አቋማቸውን አሳወቁ። ምሥጋና ይግባቸውና በሒሳብ ቀልድ የለም። አንድ አባት ደግሞ በጣም ዘግይተው ገቡና "ልጆቼ፣ መኪናው ገደል ቢገባስ?" አሉ።

"ያኔማ አባባ፣ ጥርቅም ብሎ ይሞላል።"

የወጣኸውን ያህል ነው የምትወርደው፣ መሀል ላይም የሚባክን አለ የሚል የስምንተኛ ክፍል ልጅ በግሩፑ ውስጥ አልነበረም። የስምንተኛ ክፍል ልጆች ቴሌግራም ላይ እንዳይውሉ እኛው ነን የምንከለክላቸው፤ ትምህርታቸውን እንዲማሩ።

የሚገርመው ስለ ከፍታ ያን ሁሉ ሲወራ የሚጠቅመው ነገር በአጠገባችን አለፈ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ያለች ከተማ ናት። አየሩ ስስ ነው። የቤንዚን ሞተር አየር ስለሚያጥረው ዳገት ላይ ጉልበቱ ይቀንሳል፤ የኤሌክትሪክ ሞተር ግን አየር አይተነፍስም። መኪና ለሚገዛ የከተማችን ሰው ይህች አንዲት ነገር ከገመዱ ትጠቅመው ነበር። ግን ማን ይላት? አታጣላም፤ አታስቅም፤ ላይክ አታመጣም።

እዚህ ላይ ምስጋናዬን ለጊዜው ላቁም።

ጥያቄውን አንብባ የመለሰች አንዲት ሰው ነበረች። አራተኛ ፎቅ ላይ የምትኖር የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ናት። በአጭሩ ጻፈች። ተራ ሶኬት በ220 ቮልት 10 አምፔር ቢሰጥ 2.2 ኪሎ ዋት ነው፤ 60 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ በዚህ ከባዶ ለመሙላት ከአንድ ቀን ሙሉ በላይ ይፈጃል። የ32 አምፔር ቻርጀር ግን 7 ኪሎ ዋት ስለሚሰጥ ሌሊቱን ይሞላል። እሱ ደግሞ የብቻው መስመር፣ የብቻው ብሬከርና የመሬት ሽቦ ይፈልጋል። ሽቦውም ቢያንስ 6 ካሬ ሚሊ ሜትር ይሁን፤ ርቀቱ ከረዘመ ይወፍር። ቆጣሪው ይህን መሸከሙ አስቀድሞ ይጣራ። "እባካችሁ" አለች በመጨረሻ፣ "በማከፋፈያ እንዳትሞክሩት፤ ሌሊቱን ሙሉ ግሎ ይቀልጣል፣ እሳት ያስነሣል።"

የተሰጣት መልስ "አንቺ ወጥሽን አማስዪ" የሚል ነው። ከሥሩ የሳቅ ምልክት ተደረደረ። ሌላው "ሴት ስለ መኪና ስታወራ ደስ ይላል" አለ። ሌላው ፎቶዋ ላይ አስተያየት ሰጠ። ከግሩፑ ወጣች።

ይሄ ቀልድ አይደለም። ብልግና ነው። ፎቁ ላይ ሕፃናት ይተኛሉ፤ ደረጃ መውረድ የማይችሉ አሮጊቶች አሉ። አንድ ቀን አንዱ በመስኮት ማከፋፈያ አውርዶ ቻርጅ ሲያደርግ እሳት ቢነሣ፣ የሳቁት ሰዎችም ቤት ነው የሚቃጠለው። ዓመታት ተምራ፣ ሠርታበት የምታውቀውን በነፃ ያካፈለች ሰው በስድብ ተባርራ፣ ገመድ እንሰር ያለው ሰው ልብ የሚቀበልበት ቤት ጤነኛ ቤት አይደለም። ሰዳቢዎቹ ደግሞ በማግሥቱ ደረጃ ላይ ሲያገኟት "እንደምን አደርሽ" ነው የሚሏት። ስልክ ሲይዙ የሚያወልቁት ፊት የትኛው እንደሆነ እነሱ ይንገሩን።

እሺ። ወደ ምስጋናዬ ልመለስ።

ሰው ሠራሽ አስተውሎትን ለክርክር የሚያሰልፉ ጎረቤቶች አሉን። ዘመናዊ ናቸው። አንዱ "በእርግጥ! ለጥያቄዎ ዝርዝር መልስ እነሆ" ብሎ የሚጀምር አንድ ገጽ ለጠፈ። የመጀመሪያዋን መስመር ማጥፋት ረስቷል። የኤሌክትሪክ መኪና ለኢትዮጵያ ተስማሚ ነው ይላል። ተቃዋሚው ያንኑ ማሽን ጠይቆ የራሱን አንድ ገጽ ለጠፈ። እሱም "በእርግጥ!" ይላል። የኤሌክትሪክ መኪና ለኢትዮጵያ ተስማሚ አይደለም። ሁለቱ እስከ እኩለ ሌሊት ተለጣጠፉ። የለጠፉትን ራሳቸው እንዳላነበቡት የሚያስታውቀው፣ አንዱ በመጨረሻ የለጠፈው የባላጋራውን ሐሳብ የሚደግፍ መሆኑ ነው። ባላጋራውም ተቃወመው።

ከዚያማ ወንዙ የራሱን መንገድ ያዘ። በአንድ የቴሌቪዥን ድራማ ላይ ዋናው ገጸ ባሕርይ እንዲህ ያለ መኪና ይነዳል ተባለ። ተዋናዩ ይችላል አይችልም ተባለ። ድራማው ያለ ቅጥ ተራዘመ ተባለ፤ ይህን ያሉት ክርክራቸውን ሦስተኛ ቀን ያደረሱት ናቸው። ከተዋናዩ ወደ ትዳሩ፣ ከትዳሩ ወደ ሠርግ ወጪ፣ ከሠርጉ "የዘንድሮ ልጅ" ወደሚባለው ወንጀለኛ ተሻገሩ። የዘንድሮ ልጅ ስልክ ላይ ተጥዶ እንደሚውል በምሬት የጻፉት ሰው ከሰዓት በፊት ብቻ ሃያ ጊዜ ያህል ጽፈዋል።

አድሚኑም ድርሻውን ተወጥቷል። ነገሩ ሲከርር "ሁላችንም እንረጋጋ፤ ግሩፑ ለጊዜው ተዘግቷል" አለ። ሲዘጋ ታዲያ መጻፍ የሚችለው እሱ ብቻ ነው። ተረጋግተን፣ እጃችንን አጣጥፈን፣ እሱ ለምን ቪትዝ እንደሚሻል ያብራራውን አነበብን። ሦስት ክፍል ነው።

ባለ መኪናውስ? ጨዋ ልጅ ነው፤ ለሁሉም "አመሰግናለሁ" እያለ ቆየ። በአራተኛው ቀን ወርዶ ዘበኛውን ጠየቀ። ዘበኛው ባለ ቁልፍ ስልካቸውን አውጥተው ቁጥሩን ሰጡት። ኤሌክትሪሺያኑ እዚያው ኮንዶሚኒየም፣ ሁለት ብሎክ አልፎ ነው የሚኖረው። ግሩፑ ውስጥም አለ። ያን ሁሉ ቀን ሲጽፍ ነበር። በደጀን በኩል እንውጣ ካሉት መሀል ከግንባር ቀደሞቹ አንዱ እሱ ነው። ለምን ስልክህን አልላክህም ሲባል "ክርክሩን ማቋረጥ አልፈለግኩም" አለ።

ትናንት ደግሞ አንዲት እናት ጣሪያ ላይ ያለው የውሃ ታንከር እያፈሰሰ ሳሎናቸው እንደገባ ጽፈው የቧንቧ ሠራተኛ ስልክ ጠየቁ። ይህን ስጽፍ ታንከሩ ማፍሰሱን አላቆመም። ግሩፑ ማርስ ላይ ውሃ አለ የለም በሚለው ለሁለት ተከፍሏል፤ ቨርጂኒያ ያለው ጎረቤታችን "የለም" ከሚሉት ጋር ነው።