ጥርሱን ማን ይሸከመው?

በስሪላንካ ተራራማ ከተማ በካንዲ፣ በየዓመቱ በሐምሌና በነሐሴ አካባቢ «ኤሳላ ፔራሄራ» የሚባለው የቡድሂስቶች ሰልፍ ለአሥር ሌሊት ይወጣል። የቡድሃ ጥርስ ነው ተብሎ የሚከበረው ቅርስ ሣጥን በዝሆን ጀርባ ተጭኖ ከተማውን ይዞራል። ዝሆን ከዚህ ሰልፍ ይውጣ ወይስ ይቆይ? አንዲት የእንስሳት ሐኪምና ለሥራ ኮሎምቦ ሰንብተው የተመለሱ አንድ የታሪክ መምህር ተከራክረዋል።

ሐኪሟ፦ ይውጣ

እ.ኤ.አ. በ2019 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንዲሁ እ.ኤ.አ. ናቸው) ቲኪሪ የምትባል የ70 ዓመት ሴት ዝሆን ፎቶ በየስልካችን ደርሶ ነበር። ማታ በሰልፉ ላይ ያያት ሰው ያየው ከኩምቢዋ እስከ እግሯ የሸፈናትን፣ በመብራት የሚያብለጨልጭ ልብስ ነው። ልብሱ ሲገለጥ አጥንቷ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ሰልፉ ካለፈ ሁለት ወር ሳይሞላ ሞተች።

በሰው እጅ ያለ ዝሆን ብዙ ጊዜ የሚጎዳው ከእግሩ ነው። የውስጥ እግሩ ለአፈርና ለሣር የተሠራ ነው፤ አስፋልት ላይ ይሰነጠቃል፣ ጥፍሩ ሥር ይመግላል፣ ቁስሉም በቀላሉ አይድንም። በዚያ ላይ ከበሮው፣ የጅራፉ ጩኸት፣ ግራና ቀኝ የሚነደው የደረቀ ኮኮናት ችቦ አለ። ይህን ሌሊት ከሌሊት የሚችል እንስሳ ወዶ የቆመ አይምሰላችሁ።

መምህሩ፦ ይቆይ

ዶክተር፣ ስለ ቲኪሪ ያሉት እውነት ነው፤ እንዲያ ላደረጓት ማንም ሊሟገትላቸው አይገባም። ነገር ግን ሣጥኑን የተሸከመችው እሷ አይደለችም። ሣጥኑ የሚጫነው ተመርጦ በተገኘ ወንድ ጥርሳም ዝሆን ላይ ነው። (በእኛ ቋንቋ ደግሞ ያምራል፤ ጥርስ በጥርሳም።)

እርስዎ ያዩት እንስሳ ነው፤ የካንዲ ሰው የሚያየው ዙፋን ነው። በትውፊቱ ልዕልት ሄማማሊ በአራተኛው ክፍለ ዘመን ጥርሱን በፀጉሯ ሸሽጋ ከባሏ ከዳንታ ጋር ከሕንድ አሻገረችው። ከዚያ ወዲህ ጥርሱ በእጁ ያለ ንጉሥ ነው፤ ዝናብም በእሱ ይለመናል። እንግሊዞች ካንዲን በ1815 ያዙ፤ አገሬው ሲያምፅባቸው ጥርሱ በአማጽያኑ እጅ ገብቶ ነበር። በ1818 መልሰው ሲይዙት የአመፁ ወኔ ተሰበረ። ጥርሱ የያዘውን ሥልጣን ከዚህ ይመዝኑ።

እንዲህ ያለውን ነገር የሚሸከመው ዝሆን እግሩ ባዶ መሬት እንዳይረግጥ ነጭ ጨርቅ ይነጠፍለታል። ታቦት ሲወጣ ምንጣፍ ሲነጠፍ ያየ አንባቢ ይህ ማስረጃ አያስፈልገውም። ራጃ የተባለው ዝሆን ለአሥርት ዓመታት ሣጥኑን ተሸክሞ በ1988 ሲሞት አገሩ ብሔራዊ ሐዘን አወጀለት፤ ገላው ዛሬም በቤተ መቅደሱ ቅጥር ግቢ ሙዚየም ውስጥ ቆሟል።

ሐኪሟ

ጋሼ፣ ክርክሬን እርስዎ ጨረሱልኝ። እውነተኛው ጥርስ ከቤተ መቅደሱ አይወጣም፤ አይደለም እንዴ? የሚዞረው ምትኩ ነው። ጥርሱ አደጋ እንዳያገኘው ምትክ ተበጀለት፤ ለዝሆኑ ምትክ የማይበጅለት ለምንድን ነው?

ይጨምሩበት። በመጨረሻዎቹ አምስት ሌሊቶች «ራንዶሊ» የተባሉት ቃሬዛዎች በሰው ትከሻ ያልፋሉ። ድሮ የንግሥቶች መቀመጫ ነበሩ። ንግሥት ከጠፋች ሁለት መቶ ዓመት አለፈ፤ ቃሬዛዋ ግን ያለ እሷ ይሄዳል፣ ማንም ሰልፉ ጎደለ አላለም። ሣጥኑም በትከሻ ይሂድ።

መምህሩ

ትከሻው መልካም ሐሳብ ነው። ግን ማን ይወስን?

ሰልፉ እንደማይለወጥ ግትር ነገር አድርገን አንየው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የናታ፣ የቪሽኑ፣ የካታራጋማና የፓቲኒ አማልክት ሰልፍ ነበር። በ1753 ከሲያም (ከዛሬዋ ታይላንድ) የመጡ መነኮሳት «የቡድሃ አገር ውስጥ ቡድሃ የሌለበት በዓል?» ብለው ቅር ሲላቸው ነው ንጉሥ ኪርቲ ስሪ ራጃሲንሃ ጥርሱ ከፊት ይቅደም ያለው። ንጉሡ ራሱ ዘሩ ከደቡብ ሕንድ ነው። አራቱ አማልክት አልተባረሩም፤ ዛሬም ከኋላ ይከተላሉ። ለውጥ ማለት ይህ ነው፤ ከውስጥ የመጣ፣ የነበረውን ሳያባርር። በፎቶ የተቆጣ የባሕር ማዶ ሰው ያዘዘው ለውጥ ግን ካንዲን ያስኮርፋታል እንጂ ዝሆን አያድንም።

ደግሞም ከሰልፉ የወጣ ዝሆን ጫካ አይገባም። የባለቤቱ ግቢ ውስጥ፣ ካሜራ በማይደርስበት ይታሰራል። በ2021 የወጣውን ደንብ ያስታውሱ፤ ዝሆን በቀን ሁለት ሰዓት ተኩል ይታጠብ፣ ጠባቂው በሥራ ላይ አይጠጣ ይላል። ይህ ደንብ የወጣው ዝሆኑ በሰው ዓይን ስላለ ይመስለኛል።

ሐኪሟ

ጠባቂው ሰክሮ ዝሆን እንዳይነዳ በደንብ መከልከል ማስፈለጉ ለእኔ ይመሰክራል፤ ለእርስዎ አይደለም።

በስሪላንካ ከወንዶቹ ዝሆኖች ጥርስ የሚያወጡት ከመቶ አሥር አይሞሉም። ሣጥኑን ይሸከም የነበረው ሌላው ራጃ፣ ናዱንጋሙዋ ራጃ፣ በ2022 በ68 ዓመቱ ሞተ። የእሱን ዓይነት ከየት ይመጣል? ጥርሳም በፈለግን ቁጥር ዓይን የሚያርፈው ጫካው ላይ ነው።

መምህሩ

እሺ፣ ልስማማ። መብራት ለብሰው ከኋላ የሚሰለፉትን በሙሉ ያስወጡ፤ ከእነሱ ብዙዎቹን የጨመረው ለቱሪስት የሚሸጠው ወንበር ይመስለኛል። በ2020 በወረርሽኙ ጊዜ ተመልካች ሳይኖር ሰልፉ ወጥቷል፤ ስለዚህ ሰልፉ ራሱ ለወንበር ሲባል የሚደረግ አይደለም። ሣጥኑን የሚሸከመውን አንዱን ግን ይተዉልኝ።

ሐኪሟ

አንዱም ቢሆን በነጩ ጨርቅ ላይ የሚራመደው እግሩ በሰንሰለት ተይዞ ነው። ሰንሰለቱን አስፈቱና ከዚያ ስለ አንዱ እንነጋገር።