ጎነ ሰፊው ቸርኬ ለደንገጎ አልተሠራም

ከዚራ፣ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጬ አንድ የሰፈራችን ብስክሌተኛ ስልኩን ዘረጋልኝ። «ጋሼ፣ ይቺን እይልኝ አቦ!» አለ (ድሬ ላይ አንቱታ ብዙ ቦታ የለውም)። ያሳየኝ 88 ሚሊ ሜትር ጎን ያለው፣ ለትራክ ውድድር የተሠራ ጥንድ የካርቦን ቸርኬ ነው። ውጭ አገር ያለ ዘመዱ ሊገዛለት ቃል ገብቷል። «ቬሎድሮም ውስጥ ሁሉም የሚነዱት እንዲህ ያለውን ነው» ብሎ ሊያሳምነኝ ሞከረ።

እውነቱን ነው፤ ችግሩ ድሬ ላይ ቬሎድሮም (የብስክሌት መወዳደሪያ አዳራሽ) አለመኖሩ ነው። ያ ቸርኬ የተወለደው ጣሪያ ባለው አዳራሽ፣ ዙሪያው 250 ሜትር በሆነ የእንጨት ሜዳ ላይ ነው። እዚያ የጎን ነፋስ የለም። ብስክሌቱም ፍሬን የለውም። ተወዳዳሪው በሰዓት ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ ሲበር ዋናው ጠላቱ አየር ነው፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን የአየሩ ግፊት አራት እጥፍ ይሆናል። የቸርኬው ጎን ሲሰፋ አየሩን የሚያምሱት ሽቦዎች ያጥራሉ፣ ከጎማው የሚመጣውም አየር ሳይበታተን ያልፋል። ለዚህ ነው የኋላው ብዙ ጊዜ ድፍን ዲስክ የሚሆነው። እዚያም ቢሆን ምርጫ አለ፦ ከቆመበት ተስፈንጥሮ ለሚነሳ ክብደቱ ዋጋ ያስከፍላል፤ ጎማው ከቸርኬው በጣም ከሰፋ ደግሞ ጥቅሙ ይቀንሳል።

አሁን ይህንኑ ቸርኬ ደንገጎ ላይ አስቡት። ከሐረር ወደ ድሬ ሲወረድ በየኩርባው የሚመታው የጎን ነፋስ ሰፊውን ጎን እንደ ሸራ ይገፋዋል፤ መሪው ከእጅ ያፈተልካል። የልጁ ፍሬን ደግሞ ቸርኬውን ቆንጥጦ የሚያቆም ነው። በረጅም ቁልቁለት የካርቦን ቸርኬ ሲግል ክሩን ያያያዘው ሙጫ ሊለሰልስ፣ ከመነዳሪውም ሊፈነዳ ይችላል። የትራክ ቸርኬ ብዙ ጊዜ ፍሬን የሚያርፍበት ቦታ እንኳ የለውም፤ ምን ያደርግለታል?

የኋላውማ ጨርሶ አይገጥምም። የትራክ ብስክሌት የኋላ እምብርት (የቸርኬው መሃል) ስፋቱ 120 ሚሊ ሜትር ነው፣ የልጁ የመንገድ ብስክሌት 130። የሚሸከመውም አንድ ማርሽ ብቻ ነው፤ በአንድ ማርሽ ደንገጎን የሚወጣ ካለ እጅ እነሳለሁ።

እንግሊዛዊው ክሪስ ቦርድማን በ1996 (እ.ኤ.አ.) ማንቸስተር ላይ በአንድ ሰዓት 56.375 ኪሎ ሜትር ነዳ። በ2000 እዚያው ማንቸስተር፣ የድሮ ዓይነት ብስክሌት በሚያስገድድ ሕግ፣ ባለ ሽቦ ቸርኬና የተለመደ መሪ ይዞ 49.441 ብቻ ሆነለት። አራት ዓመት ማርጀቱ ሳይረሳ፣ በሁለቱ መካከል ካለው ልዩነት ብዙውን ያመጣው ቸርኬው አይደለም፤ መጀመሪያ ላይ እጁን ወደፊት ዘርግቶ ሰውነቱን አጥብቦ መቀመጡ ነው። ከብስክሌቱ ይልቅ አየር የሚገፋው ነጂውን ነው። ክርንን አጥፎ፣ ትከሻን አጥብቦ ዝቅ ማለት ደግሞ ዶላር አይጠይቅም።

ልጆቻችን ትራክ አይመኙ እያልኩ አይደለም። ኢትዮጵያ በ1956 (እ.ኤ.አ.) ሜልቦርን ኦሊምፒክ ላይ ብስክሌተኞች ያሰለፈች አገር ናት። ቅር የሚለኝ ቪዲዮ እያየን ዕቃውን ከሜዳው ነጥለን መግዛታችን ነው። የዘመዱ ገንዘብ ለጥሩ ጎማና ለጤነኛ ፍሬን ቢውል ይሻላል።

ይህን ሁሉ ሰምቶ ትንሽ ዝም አለና፣ «የፊቱን ብቻስ?» አለኝ።

«የፊቱ ይገጥማል» አልኩት፤ «ነፋሱ የሚይዘውም እሱን ነው።»