አሥር ጊዜ አሥር ሰባ ነው

ሰሞኑን አንድ ወዳጄ፣ የጉልማሳነቱን ዘመን በአሜሪካ ጦር ውስጥ ያሳለፈ ሰው፣ ከአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት የደረሰውን ደብዳቤ አስነበበኝ። የመጀመሪያው አንቀጽ ለአገልግሎቱ የከበረ ምስጋና ያቀርብለታል፤ ሁለተኛው ደግሞ የጀርባው ሕመም ከዚያው አገልግሎት የመጣ ለመሆኑ በቂ ማስረጃ ስላልተገኘ የአካል ጉዳት ካሳ ጥያቄው ውድቅ መደረጉን ያበሥረዋል። የዚህን ደብዳቤ ዓይነት አንባቢዬ አሳምሮ ያውቀዋልና አላማርርም። ምስጋናን በቁና፣ ካሳን በጠብታ የማደልን ጥበብ ግን ሳላደንቅ ማለፍ ነውር ይሆንብኛል።

ከጥበቡ ሁሉ ልቤን የማረከው ሒሳቡ ነው። የወታደር ጉዳት በመቶኛ ይመዘናል። አንዱ ጉዳት 50፣ ሌላው 30 ቢሆን ድምሩ 80 የሚመስለው ሒሳብ የተማረ ሰው ብቻ ነው። የመጀመሪያው ጉዳት ግማሹን ሰው ስለወሰደ ሁለተኛው የሚያገኘው የተረፈውን ግማሽ ነው፤ የ50 ሠላሳ በመቶው 15፣ ድምሩ 65፣ ወደ ቅርቡ አሥር ሲጠጋ 70። በዚህ ላይ አንድ የ10 በመቶ ጉዳት ቢጨመር 65ቱ 69 ይሆናል፤ ሲጠጋ ያው 70 ነውና አዲሱ ሕመም የመጣው ለማመም ብቻ ነው። አሁን ደግሞ እያንዳንዱ 10 በመቶ የተመዘነ አሥር ጉዳት ያለበትን ሰው እናስብ። በጉልበቱ እንጀምር፦ 10። ትከሻው ሲጨመር 19፣ ቁርጭምጭሚቱ ሲጨመር 27፣ ከዚያ 34፣ 41፣ 47 እያለ ይቀጥላል፤ ሰውየው በየደረጃው እየባሰበት ሲሄድ ጉዳቱ ግን የሚጎዳው ጤነኛ አካል እያጣ ይቸገራል። አሥረኛው ላይ 65 ይደርሳል፤ በልግስና ተጠግቶ 70 ይባላል። በአሥር በአሥር ተጉዞ መቶ ለመባል ከ25 በላይ ጉዳት መሸከም አለበት፤ ያን ሁሉ ተሸክሞ ቅጹን የሚፈርምበት እጅ ከተረፈው ደግሞ እጁ ደህና ነው ማለት ነው። ጆሮ ውስጥ ያለማቋረጥ የሚጮኸው ድምፅ በአንድ ጆሮም ይሁን በሁለቱ 10 በመቶ ነው፤ ሁለተኛው ጆሮ የሚጮኸው በገዛ ፈቃዱ መሆኑ ነው።

መሥሪያ ቤቱ ለማስረጃ ያለው ፍቅርም የሚያስቀና ነው። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 12 ቀን 1973 በሴንት ሉዊስ በሚገኘው የመንግሥት መዝገብ ቤት በተነሣ እሳት ከ16 እስከ 18 ሚሊዮን የሚደርሱ የወታደር ማኅደሮች ወድመዋል፤ ቅጂ አልነበራቸውም። መዝገቡን ያስቀመጠው መንግሥት፣ የተቃጠለውም በመንግሥት ቤት፤ የቆሰለበትን ቀን በወረቀት ለማሳየት ሲንከራተት የኖረው ግን ወታደሩ ነው። መርማሪው ሐኪምም ምስጋና አይነፈገው፤ ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳይነቅል ሰው ይመረምራል። ታማሚው በእግሩ ከመጣ ደህና ነው፤ መነሣት አቅቶት ከቀረ ቀጠሮ አጓድሏል።

ስለ ቀጠሮ ከተነሣ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 በፊኒክስ ከተማ ባለው የመሥሪያ ቤቱ ሆስፒታል ላይ በተደረገ ምርመራ፣ የመጀመሪያ የሐኪም ቀጠሮ ለማግኘት በአማካይ 24 ቀን ጠበቁ ተብሎ የተመዘገበላቸው የቀድሞ ወታደሮች በእርግጥ የጠበቁት 115 ቀን ሆኖ ተገኝቷል። ወረፋን ያለ ተጨማሪ ሐኪም፣ በብዕር ብቻ ማሳጠር ቀላል ችሎታ አይደለም።

እዚህ ላይ ሽሙጡ ይቅርብኝ። በቬትናም እ.ኤ.አ. ከ1962 እስከ 1971 የቅጠል ማርገፊያ መርዝ ከአውሮፕላን ሲረጭ ከሥሩ የነበሩት ወጣት ወታደሮች ማስረጃ አልተጠየቁም፤ ሂዱ ተባሉ፣ ሄዱ። ከመርዙ ጋር የተያያዙ በሽታዎችን እያንዳንዱ ታማሚ ለየብቻው እንዳያስረዳ የሚያደርገው ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1991 ነው። የደም ግፊት እዚያ ዝርዝር ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣ ሌላ ሕግ፣ ርጭቱ ካቆመ ከሃምሳ ዓመት በኋላ ነው፤ በኢራቅና በአፍጋኒስታን በግልጽ ጉድጓድ የሚነደውን የቆሻሻ ጭስ ሲምጉ ለከረሙትም በስፋት የታሰበላቸው በዚያው ሕግ ነው። በመካከሉ ስንቱ ሰው “ተጨማሪ ማስረጃ ያቅርቡ” የሚል ወረቀት ራስጌው አስቀምጦ ሞተ! ይህ ቸልተኝነት ነው የሚለኝ ካለ አልቀበለውም፤ ባለመብቱ እስኪሞት ማቆየት ለከፋዩ ትርፍ መሆኑን ደብዳቤውን የሚጽፈውም ያውቃል። ወርቅ ላበደረ ጠጠር ይሉታል የኛ ሰዎች።

ይቅርታ፣ ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። በኳስ ሜዳ ወታደር ሲጠራ ብድግ ብሎ የሚያጨበጭበው፣ የሕክምናው በጀት ሲነሣ ግን ወገቡን የሚያመው ዜጋ ሊመሰገን ይገባዋል፤ የእርሱ ወገብ ሕመም ማስረጃ አይጠየቅበትም። ከሁሉ በላይ ግን ባርኔጣዬን የማነሣው፣ ፈቃድ ሳይኖራቸው “ጥያቄዎን እኛ እናስጨርስልዎታለን” እያሉ ደጅ ለሚያንኳኩትና ከሚገኘው ካሳ ላይ የወራት ድርሻ ለሚቆርጡት ነጋዴዎች ነው። በዚህ ሁሉ ሰንሰለት ውስጥ ወታደሩ ታምሜያለሁ ሲል አንዲት ወረቀት ሳይጠይቁ ወዲያው የሚያምኑት እነርሱ ብቻ ናቸው።