ካቡልን ከደብረ ማርቆስ ቁልቁል ማየት

የጦርነት ዘጋቢ መሆን ድሮ አድካሚ ሥራ ነበር። በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣውና ቲና ፌይ የተወነችበት «ዊስኪ ታንጎ ፎክስትሮት» የተባለው አሳቂም አሳዛኝም ፊልም ይህን ኋላ ቀርነት በሚገባ ያሳያል። በአገሯ ዴስክ ላይ ተቀምጣ ለሌሎች ዜና ስታዘጋጅ የኖረች ሴት ብድግ ብላ ካቡል ትሄዳለች፤ ቋንቋውን ስለማታውቅ አስተርጓሚ ትይዛለች፤ ከወታደሮች ጋር አቧራ ለአቧራ ትንገላታለች፤ ዓይኗ ያየውንም አየር ላይ ለማዋል ከአለቆቿ ጋር ትሟገታለች። ለታሪኩ መነሻ የሆነው የኪም ባርከር ማስታወሻ ሲሆን፣ ባርከር «ቺካጎ ትሪቢዩን» ለተባለው ጋዜጣ ከአፍጋኒስታንና ከፓኪስታን ስትዘግብ ዓመታት አሳልፋለች። አንድ ማኪያቶ ሳይቀዘቅዝ ለሚጠናቀቅ ሥራ ዓመታት!

እኛ ጎጃሞች፣ ቡና ቤቶቻችን ይባረኩና፣ ከዚህ ሁሉ እንግልት ተገላግለናል። የደብረ ማርቆስ የጦር ተንታኞች ከወንበራቸው ሳይነሡ የካቡልን፣ የኪየቭንና የጋዛን ውሎ በአንድ ምሽት ያደርሱናል። ደግሞስ ምን ብለው ይሄዳሉ? ከተማቸው 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች፤ ካቡል ግን 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ቁልቁል የሚታይን አገር ለማየት መሳፈር ገንዘብ ማባከን ነው። አስተርጓሚም አያሻቸውም፤ በስልካቸው የደረሳቸው የጥቂት ደቂቃ ምስል የሚናገረውን ቋንቋ ባያውቁም፣ የጄኔራሉን ሐሳብ ከፊቱ ያነባሉ።

አባቶቻችን በዚህ ረገድ ያሳዝናሉ። መኳንንቱ ሳይቀሩ የአገሩን ወሬ ለማወቅ «እረኛ ምን አለ?» ብለው ያስጠይቁ ነበር፤ የቅኔ ተማሪውም ለምዱን ደርቦ፣ ቁራሽ እየለመነ፣ ውሻ እየተከላከለ ከአንዱ የቅኔ ቤት ወደ ሌላው፣ ከዋሸራ ጎንጅ ይንከራተት ነበር። ዛሬ እረኛው ራሱ ከተማ ሲወጣ ተንታኙን «ምን ተባለ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ስለራሱ መንደር ጭምር። የተኩስ ድምፅ በቅርብ የሰሙት ሰዎች ግን በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ብዙ አይናገሩም። ይህን የዕውቀት ማነስ ነው ብለን እንለፈው።

የፊልሙ ሠሪዎችም ቢሆኑ ወደ እኛ ጥበብ መጠጋት ጀምረው ነበር፤ ካቡልን የቀረጹት አሜሪካ፣ ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ነው፤ የአፍጋናዊውን አስተርጓሚ ቦታም ለአሜሪካዊ ተዋናይ ሰጥተዋል። ለዚህም ተወቅሰዋል። የእኛዎቹ ኒው ሜክሲኮን እንኳ ሳያስቸግሩ ሁሉንም ገጸ ባሕርይ ራሳቸው ይጫወታሉ፤ ወቃሽም የላቸውም።

ይህ ብቃት ጎልቶ የታየው ፊልሙ በአንድ ቡና ቤት ቴሌቪዥን በታየበት ምሽት ነው። ወታደሮቹ በአንዲት መንደር የሠሩት የውኃ ጉድጓድ በተደጋጋሚ ይፈርሳል፤ አፍራሹ ማን እንደሆነ ግን አልታወቀም። የእኛ ዋና ተንታኝ ፊልሙን አስቁመው ለረጅም ጊዜ አብራሩልን፤ ነገሩ በመጀመሪያ የታሊባን፣ ቀጥሎ የፓኪስታን፣ በመጨረሻም ስሟ ለጊዜው ሊጠቀስ የማይገባ የአንዲት ኃያል አገር እጅ እንዳለበት በጠረጴዛው ላይ በስኳር ከረጢቶች ካርታ ሠርተው አሳዩን። ማኪያቶ የምታቀርበው ልጅ ስኒ እያነሣች፣ «ጋሼ፣ ውኃ ቀጂዎቹን ሴቶች ማን ጠየቃቸው?» አለች። ጋሼም የጦር ስልት ከውኃ መቅዳት የተለየ መሆኑን በትዕግሥት አስረዷትና ወደ ሥራዋ መለሷት።

ፊልሙ ሲቀጥል፣ ጋዜጠኛዋ ሴት በመሆኗ የመንደሩ ሴቶች ጉዳዩን ይነግሯታል፤ ጉድጓዱን የሚያፈርሱት ራሳቸው ናቸው። ወንዝ ሲወርዱ ከወንዶች ዓይን ርቀው የሚጫወቱበት ጊዜ ነበራቸው፤ ጉድጓዱ እሱን ነጠቃቸው። ከእንሥራ ጋር ወንዝ ወርዳ የምታውቅ የጎጃም ሴት ሁሉ ይህን ለመረዳት ካርታ አያስፈልጋትም።

ቤቱ ለጥቂት ጊዜ ጸጥ አለ። ዋናው ተንታኝ ግን የስኳር ከረጢቶቹን አንድ በአንድ ሰብስበው፣ «እኔስ ከመጀመሪያው ምን አልሁ?» አሉ። የታሊባን ቦታ ከነበረው ከረጢት ላይም ስኳር ጨምረው፣ ስለ ዩክሬን የሚጠይቅ ሰው እንዳለ ዙሪያውን ቃኙ።