የገና ካርድ? ገና ነው

ባለቤቴ በየማታው አንድ ጥያቄ አላት።

«የገና ካርድህ አለቀ?»

«ገና!»

ቋንቋችን ለዚህ ሥራ ተብሎ የተፈጠረ ይመስለኛል። በዓሉም ገና፣ ካርዱም ገና።

ነገሩ የተጀመረው በዓሉ ሊደርስ ስድስት ሳምንት ሲቀረው፣ በቁጠባ ስም ነው። የሱቅ ካርድ አይጥመኝም። የማላውቀው ሰው የጻፈው ግጥም ታትሞበት ይመጣል። ግጥሙ ለአክስቴም ያው፣ ለአለቃዬም ያው። እኔ የምጨምረው ፊርማ ብቻ ነው፤ ልክ ደመወዝ ስቀበል እንደምፈርመው። «ለምን በእጄ አልሠራም?» አልኩ። ወረቀት፣ መቀስ፣ ሙጫ፤ ሦስቱም ቤት ውስጥ አሉ። እንዲያውም ሲከፈት ከመሃሉ ዛፍ ብድግ የሚለውን፣ ፖፕ አፕ የሚባለውን ነው የምሠራው ብዬ ፎከርኩ። ሃያ ካርድ! ስፎክር ምስክሮች ነበሩ። ችግሩ እሱ ነው።

መጀመሪያ፣ መቀስ ቀጥ ያለ መስመር እንደማይወድ ገባኝ። ከተር ገዛሁ። ከተሩ ወረቀቱን አልፎ የምግብ ጠረጴዛውን ቆረጠ። ከሥር የሚነጠፍ፣ ሲቆረጥ ጭረቱ መልሶ የሚገጥም የመቁረጫ ምንጣፍ ገዛሁ። («ጠረጴዛውስ መልሶ ይገጥማል?» ብላ የጠየቀችኝን ሰው ስም አልጠራም።) ከተሩ የፕላስቲክ ማስመሪያዬን ላጠው፤ የብረት ገዛሁ። የማቴዎስ ወንጌል የሚጀምረው በትውልድ ሐረግ አይደል? የእኔም መሳቢያ እንደዚያው ሆነ። መቀስ ከተርን ወለደ፤ ከተር ምንጣፍን ወለደ፤ ምንጣፍ የብረት ማስመሪያን ወለደ፤ የብረት ማስመሪያም ወረንጦንና ወንድሞቹን ወለደ።

ቁጠባው እዚያው ተቀበረ።

ከወንድሞቹ አንዱ አጥንት ነው። ቀልዴን አይደለም። መጽሐፍ ደጓሾች የሚጠቀሙበት፣ ከእንስሳ አጥንት ተጠርቦ የለሰለሰ ጠፍጣፋ ማጠፊያ አለ። በጫፉ የሚታጠፈው መስመር አስቀድሞ ይሰመራል፤ በጎኑ እጥፋቱ ይተኛል። «በጥፍር አይሆንም?» አለችኝ ባለቤቴ። ይሆናል። ግን አንዴ አጥንት የገዛ ሰው ወደ ጥፍር መመለስ ይከብደዋል።

ከተሩን በተመለከተ አንድ ኑዛዜ አለኝ። ምላጩ ላይ ያሉት ሰያፍ መስመሮች ጌጥ ይመስሉኝ ነበር። ሦስት ሳምንት ሙሉ በደነዘዘ ጫፍ ወረቀት ስዘነጥል ከረምኩ። ለካ መስመሮቹ መሰበሪያ ናቸው! ጫፉ ሲደነዝዝ ቀጭ ይደረጋል፤ አዲስ ስለት ይወጣል። ይህን ያሰበው ዮሺዮ ኦካዳ የተባለ ጃፓናዊ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1956። ሐሳቡ የመጣለት ከሁለት ነገር ነው ይባላል። አንደኛው ጫማ ሠሪዎች በመስታወት ስባሪ ሲቆርጡ፣ ሲደነዝዝባቸው እንደገና እየሰበሩ ስለት የሚያወጡበት ዘዴ ነው። ሌላው በመስመሩ እየተቆረሰ የሚበላው ቸኮሌት ነው። ሁለቱን አዳቅሎ ከተር አወጣ። ኦልፋ የሚለው የድርጅቱ ስም ራሱ በጃፓንኛ «ስለት መስበር» ከሚለው የመጣ ነው። ዕቃው በስሙ እየመከረኝ፣ ጃፓንኛ አለማወቄ ጎዳኝ።

ወረቀቱም የራሱ ጠባይ አለው። የፕሪንተር ወረቀት በካሬ ሜትር 80 ግራም ነው። ከእሱ ዛፍ ሠራሁ። ካርዱ ሲከፈት ብድግ ማለቱን ብድግ አለ። ወዲያው ግን እንደ ሰከረ ሰው የሚደገፍበት ግድግዳ ፈለገ። ከ200 ግራም በላይ የሆነ ጠንካራ ወረቀት አመጣሁ። እሱ ደግሞ እጥፋቱ ላይ እንደ በጋ ተረከዝ ተሰነጣጠቀ። ነገሩ እንዲህ ነው። ወረቀት በፋብሪካ ሲሠራ ቃጫዎቹ ማሽኑ በሚሄድበት አቅጣጫ ይተኛሉ። በዚያ አቅጣጫ ሲታጠፍ እሺ ይላል። ተሻግሮ ሲታጠፍ ያኮርፋል። ለማወቅ ወረቀቱን በሁለቱም በኩል በቀስታ ለመጥ አድርጎ ማየት ነው፤ ቶሎ እሺ ያለበት በኩል መታጠፊያው ነው። ይህን ዘዴ ሰው ላይም ሞክሬዋለሁ። ባለቤቴ በየትኛውም በኩል አትለመጥም።

አሁን ወደ ትልቁ ውርደቴ።

ኤ5 ወረቀት ለሁለት ሲታጠፍ ኤ6 ካርድ ይሆናል። ከእጥፋቱ እስከ ጠርዙ 105 ሚሊ ሜትር አለ። የእኔ ዛፍ ቁመቱ ከነኮከቡ 90 ነው። ይገባል፣ ይተርፋል እንኳ። ዛፉ ከእጥፋቱ 30 ሚሊ ሜትር ወደ ፊት ወጣ ብሎ እንዲቆም አደረግሁት። ተከፍቶ ሲታይ እልል ያሰኛል። ባለቤቴን ጠራሁ፣ ልጆቹን ጠራሁ። ሁሉም ቆመው እያዩ ካርዱን ዘጋሁት። ኮከቡ በካርዱ ጠርዝ በኩል ብቅ አለ።

ብቅ የሚል ካርድ ማለት ሲከፈት ብቅ የሚል መስሎኝ ነበር። የእኔው ሲዘጋ ነው ብቅ ያለው።

ሂሳቡ ቀላል ነው። ካርዱ ሲዘጋ ዛፉ ወደ ፊት ይተኛል። ስለዚህ ወደ ፊት የወጣበት ርቀትና ቁመቱ ይደመራሉ። 90 እና 30፣ 120። ከ105 ይበልጣል። ፖስታው ይሸፍነዋል እንዳልል፣ ለኤ6 ካርድ የሚሆነው ሲ6 ፖስታ ጠባብ ጎኑ 114 ነው። «አሥር ጊዜ ለካ፣ አንድ ጊዜ ቁረጥ» ይባላል። እኔ አሥር ጊዜ ለክቻለሁ። የለካሁት ግን ክፍቱን ነው። ዛፉን ካናቱ ቆረጥኩት። ኮከቡ አሳዘነኝና ወገቡ ላይ ለጠፍኩለት። ባለቤቴ ዘንበል ብላ አየችውና «ቀበቶ ነው?» አለች።

በዚህ መሃል የሚቆርጥ ማሽን እንዳለ ሰማሁ። ኮምፒውተር ላይ የተሳለውን ቅርጽ ራሱ ቀርጥፎ ያወጣል አሉ። ዓይኔ በራ። «ታዲያ የእጅ ሥራነቱ ምኑ ላይ ነው?» አለችኝ። «ቁልፉን የምጫነው በእጄ ነው» አልኳት። ማሽኑ አልተገዛም።

ሙጫው ላይ ብዙ አልቆይም። ነጩ ሙጫ ውሃ አለበት፤ ሲበዛ ወረቀቱን እንደ ቆርቆሮ ያወዛውዘዋል። በሁለት በኩል የሚጣበቅ ፕላስተር ይሻላል። ይህን ከማወቄ በፊት አንዱን ካርድ ሙጫው ሳይደርቅ ዘግቼዋለሁ። አሁንም ዝግ ነው።

ብልጭልጩ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። አንዴ ነፋሁት፤ በቃ፣ አንዴ። ትራስ ላይ ተገኘ። ካልሲ ውስጥ ተገኘ። ስልኬ ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ ቻርጅ አላደርግም አለኝ። ከሁሉ የከፋው ለቅሶ ልደርስ የሄድኩ ቀን ነው። አንገቴን ደፍቼ፣ በሐዘን ተቆራምቼ ተቀምጫለሁ። አጠገቤ ያሉት ሴትዮ ዓይናቸውን ከግንባሬ ላይ መንቀል አቃታቸው። ቀና ባልኩ ቁጥር መብራቱ እየመታው ያብለጨልጫል። «ምን ተቀብተህ ነው የመጣኸው፣ ልጄ?» አሉኝ በሹክሹክታ። ለገና የምሠራው ዛፍ ላይ ያለ በረዶ ነው አይባል። ቅባት ነው አልኩ።

እናቴ አንድ ቀን መጣችና ጠረጴዛውን አየች። ቁርጥራጩን፣ ሙጫውን፣ እኔን አየች። «ሥራ የፈታ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል» አለች።

ነካኝ። መልስም ነበረኝ። በድሮ መጻሕፍት ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር ከገጠሙት ቀደምት ሰዎች አንዱ በእርግጥም መነኩሴ ነው። በ13ኛው መቶ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ የኖረው ማቲው ፓሪስ መጽሐፉ ላይ የሚሽከረከር ክብ ገጥሟል። ግን ሥራ ፈትቶ አይደለም፤ የበዓላትን ቀን ለማስላት ነው። ከእሱ በኋላም ለብዙ መቶ ዓመታት የሚሽከረከርና የሚገለጥ ወረቀት የሊቃውንት መሣሪያ ነበር እንጂ የልጅ መጫወቻ አልነበረም። ሐኪሙ አንድሪያስ ቬሳሊየስ እ.ኤ.አ. በ1543 ተቆርጠው እርስ በርስ የሚለጣጠፉ የሰውነት ክፍሎች አሳትሟል። አንጀት በመቀስ! ይህን ሁሉ ለእናቴ አስረዳኋት። በትዕግሥት አዳመጠችኝ።

«ጥሩ» አለች። «መነኩሴው ቀኑን አስልቶ በዓሉ ላይ ደረሰ። አንተስ ትደርሳለህ?»

«ገና...» ብዬ ጀምሬ ዝም አልኩ።

ያላስረዳኋት፣ ለራሴም ሳስበው የሚያሳፍረኝ የካርዱ የራሱ ታሪክ ነው። ሄንሪ ኮል የሚባል ለንደናዊ ነበር። ሥራው ብዙ፣ ወዳጁም ብዙ። እ.ኤ.አ. በ1840 ብሪታንያ ውስጥ ደብዳቤ በአንድ ፔኒ መላክ ተጀመረ። ለዚህ ከደከሙት ሰዎች አንዱ ራሱ ኮል ነው። የቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ ራሱ ገባ። ደብዳቤ ሲረክስ ሁሉም ይጽፍለት ጀመር፤ መልስ አለመስጠት ደግሞ ነውር ነው። በ1843 ጆን ካልኮት ሆርስሊ የተባለውን ሠዓሊ አንድ ሥዕል አሠራውና አሳተመው። ከላይ «ለ» ብሎ ባዶ ቦታ፣ ከታች «ከ» ብሎ ባዶ ቦታ። ስም ይሞላል፣ ይላካል፣ ተገላገለ! የተረፈውም እያንዳንዱ በአንድ ሺሊንግ ተሸጠ። ሥዕሉ ላይ አንዲት ሕፃን ወይን ስትጎነጭ በመታየቷ መጠጥ የሚቃወሙ ሰዎች ተቆጥተዋል፤ ያ ሌላ ወግ ነው።

እንግዲህ የንግድ የገና ካርድ የተወለደው ጊዜ ካጣ ሰው ነው። ጊዜ ለመቆጠብ። እኔ ያንን መገላገያ ወስጄ ስድስት ሳምንት ቆፈርኩበት።

ስድስቱ ሳምንት ደግሞ ባዶ አልነበረም። ሰው አገባ፣ አልሄድኩም። ሰው ወለደ፣ በስልክ እንኳን ማርያም ማረችሽ አልኩ። አክስቴ ታማ ሁለት ሳምንት ተኛች። «ካርዷን ልጨርስና ይዤላት እሄዳለሁ» አልኩ። ካርዷ ሲያልቅ እሷ ድናለች።

ከሃያው አራት ደረሱልኝ። መልእክቱን ልጽፍ ብዕር አነሳሁ። የሚጻፍበት ቦታ የለም! ጀርባው ሰማይ ነው፤ ጥቁር ሰማያዊ ወረቀት፣ ብዕር አይታይበትም። ወለሉ በረዶ ነው፤ ጥጥ ለጥፌበታለሁ። የቀረው ከዛፉ ሥር የጣት ስፋት ያላት ጠባብ ቦታ ናት። የአለቃዬ ላይ «መልካም ገና» ብዬ ጻፍኩ። ሁለት ቃል። ቢያንስ የሱቁ ካርድ ግጥም ነበረው። የአክስቴ ላይ ግን ፊደሉን አሳንሼ፣ በጉንዳን እግር ጻፍኩት፦ «አክስቴ፣ ታመሽ ሳልጠይቅሽ በመቅረቴ ይቅር በይኝ። ይህን ስሠራልሽ ነው። መልካም ገና።»

አለቃዬ ካርዱን ከፈተና ደነገጠ። «ኧረ በጣም ያምራል! ከየት ገዛኸው?»

«ራሴ ነኝ የሠራሁት።»

እንደገና አየው። ጠጋ አድርጎ አየው። «አሃ... ለዚህ ነው ኮከቡ ጠመም ያለው።»

አንድ ጓደኛዬ በሰዓቱ መልስ ላከልኝ። ስልኬ ላይ የሚዘፍን ዛፍ፣ ከላዩ «ብዙ ጊዜ የተላለፈ» የሚል ምልክት ያለበት። የላከበት ጊዜ ሁለት ሰከንድ አይሞላም። ሄንሪ ኮል ቢያየው ያቅፈው ነበር። ሦስተኛው ሰው ካርዱ አልከፈትም ብሎት ደወለልኝ። የትኛው እንደሆነ ገብቶኛል። «አትነካካው፣ እንደዚያ ነው» አልኩት።

ከበዓሉ በኋላ አክስቴ ጋ ሄድኩ። ፊቷ አልተፈታም። ሳሎን ገብቼ ዓይኔን ሳዞር ካርዱ ቡፌው ውስጥ፣ ከማይነኩት ብርጭቆዎች ጎን ቆሟል። ዝግ ነው።

«አክስቴ፣ ካርዱን አየሽው?»

«አየሁት። እጅህ ይባረክ።»

«ከፍተሽ?»

«ለምን እከፍተዋለሁ? ሲከፈት የሚነሳ ነገር አለበት አሉኝ። ሁልጊዜ ከተከፈተ ይበላሻል። እንግዳ ሲመጣ ነው የምከፍተው።»

«ውስጡ እኮ የጻፍኩልሽ ነገር አለ።»

«መጻፉን ተወው። እኔ ያን ሁሉ ቀን ተኝቼ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ብቅ ሲል አንተ አንድ ቀን እንኳ ብቅ አላልክም።»

«እሱን እኮ ነው የጻፍኩት! ክፈቺውና አንብቢው።»

«እንግዳ ሲመጣ አልኩህ።»

«ይኸው እኔ መጣሁ አይደል?»

«አንተ ምኑን እንግዳ ነህ?» አለችና የቡፌውን መስታወት ገፋ አድርጋ ቆለፈችው። ቁልፉን ኪሷ ከተተችው።